አራት ሌሊት ያደረው ቀሪቦ

ቀን፦ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐይቅና አምባሰል የባህል መጠጦች ዝግጅት አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐይቅ

አመልካች፦ ወ/ሮ ፈሂማ እንድሪስ፣ ቀሪቦ ጠማቂ

ጉዳዩ፦ ያለ ጥፋቴ የተጣለብኝ የሥራ እገዳ እንዲነሣና የታሸገው ጀሪካን ሳያልቅ እንዲመረመር ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች የምተዳደረው ለሠርግና ለመውሊድ ቀሪቦ በመጥመቅ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ «ለሙስሊም እንግዶች የሚያሰክር መጠጥ አቅርበሻል» በማለት ከሥራዬ አግዶኛል። ረመዳን ሳይገባ ያለው የሠርግ ወቅት እያለፈብኝ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

1. ቀሪቦ ምን እንደሆነ ወሎ ላደገ ሰው ማስረዳት ድፍረት ነው። ግን የእገዳውን ደብዳቤ ያረቀቀው ሰው ቀምሶት የሚያውቅ አልመሰለኝም። ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል። ሲበርድ ስኳርና ትንሽ እርሾ ገብቶበት፣ በወይራ በታጠነ ዕቃ አንድ ሌሊት ያድራል። ጌሾ የለው፣ ብቅል የለው። በማግስቱ ይጠጣል፤ የተረፈው ይደፋል። ከዚያ በላይ ካቆዩት ወደ ጠላው መንገድ ይጀምራል። አክስቴ ሀጀራ «ቀሪቦና እንግዳ ሲሰነብቱ ጠባያቸው ይለወጣል» ትል ነበር።

2. እኔም ሙያውን ያገኘሁት ከእሷ ነው። አምባሰል ውስጥ ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለእስላም እንግዶቹ ለብቻው ጋን ያስቀምጥ ነበር። የምትሞላውም፣ ክዳኑን የምትከፍተውም እስላሟ ጎረቤት ናት፤ ያቺ ጎረቤት አክስቴ ነበረች። በኋላ ለስላሳ በሳጥን መግባት ሲጀምር፣ ቀሪቦ የድሃ ሠርግ ምልክት ተባለና ጋኖቹ የእህል ማስቀመጫ ሆኑ። እኔም ረስቼው ነበር። ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ፣ ማዳም አልኮል የሌለው የገብስ ቢራ በጣሳ ሰጠችኝ። አንዴ ጎንጨት ብዬ «ወላሂ ይሄ የአክስቴ ቀሪቦ ነው፤ የጎደለው የወይራው ጭስ ብቻ ነው!» ብዬ ስጮህ፣ ያበድኩ መስሏት ጣሳውን ቀማችኝ። አገሬ ስገባ አክስቴ በሕይወት ደረሰችልኝና እጇን እያየሁ ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ሠርግ ሲታሰብ «ፈሂማን አነጋገራችኋት?» ይባላል። ይባል ነበር ልበል።

3. እሑድ ጥር 18 በጽሕፈት ቤትዎ ለተዘጋጀው የባህል መጠጦች በዓል፣ ቅዳሜ ማታ ጠምቄ እሑድ ጠዋት ላቀርብ ተስማምቼ ነበር። ሆኖም ሐሙስ ዕለት ገብስ ልገዛ አርዲቦ በሄድኩበት፣ የመስተንግዶው ኃላፊ አቶ ምስጋናው መኪና ልከው «ፈሂማ ፈቅዳለች» በማስባል፣ ረቡዕ ማታ ለሌላ ሰው ሠርግ የጠመቅሁትን ሁለት ጀሪካን አስወሰዱ። ዕቃውን ያስረከበችው እህቴ ኢቲሳም ናት። ለሹፌሩ ለምን ሻይ እንዳፈላችለት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እሱን ለብቻው እከታተለዋለሁ። አቶ ምስጋናው ዘንድ ስደውል «አይዞሽ እህቴ፣ ማቀዝቀዣ ገብቷል፤ ደግሞስ መጠጥ ሲቆይ አይደል የሚጥመው?» አሉኝ። እሑድ አዲሱን ይዤ ብመጣ «ሞልቷል» ተብዬ ከነዕቃዬ ከበር ተመለስኩ። ግርግሩ ከተነሣ በኋላ ገብቼ ሳይ፣ በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው የጠርሙስ ቢራ ነው። የእኔ ጀሪካኖች ከድንኳኑ ጀርባ ፀሐይ ሲሞቁ ውለዋል።

4. ግርግሩ እንዲህ ነበር። የሠርግ ሁሉ ዱዓ በእጃቸው ያለ ሽማግሌ አባባ ሳሊሕ ሁለት ኩባያ ጠጡ። ለመነሣት ሲሞክሩ ቁጭ አሉና «እናንተ፣ ሐይቁ ነው የሚዞረው ወይስ እኔ ነኝ?» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። በማግስቱ ግን የሳቀ የለም፤ ቀሪቦ ያዘዙኝ ቤቶች ሁሉ ሰረዙ። አንዷ በስልክ «እታለም፣ አንቺን አልጠረጥርም፤ ግን አማቾቼ ሐጂዎች ናቸው» አለችኝ።

ክቡርነትዎ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። በዚያው ድንኳን የአቶ ምስጋናው አማች ለገበያ ሊያወጡት ያሰቡት፣ በጣሳ የታሸገ የገብስ መጠጥ በነፃ ይታደል ነበር። መድረክ መሪው በማይክራፎን «ይሄኛው ዘመናዊ ነው፤ አያዞርም!» ሲል፣ አባባ ሳሊሕ ገና የመጀመሪያውን ኩባያ አልጨረሱም። ማንም ሳይዞርበት የእኔው እንደሚያዞር በምን ዐወቀ? ሰው በከንቱ መጠርጠር ሐራም መሆኑን ዐውቃለሁ። ስለዚህ እጠይቃለሁ እንጂ አልወነጅልም።

5. ከሁለቱ አንዱ ጀሪካን ሳይከፈት ታሽጎና ማኅተም ተደርጎበት በጽሕፈት ቤትዎ መጋዘን ተቀምጧል። አራት ሌሊት ማደሩን የሚያሳይልኝ እሱ ብቻ ነው። ሲገባ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። በራችሁ ላይ ቆሎ የምትሸጠው ዙለይሃ ግን ከትናንት በስቲያ «አንቺ፣ ማስረጃሽ ሆዱ ጎድሏል፤ መጋዘን ጠባቂው ዝናውም ከምሳ በኋላ አምባሰል ማንጎራጎር ጀምሯል» ብላኛለች። አቶ ዝናው ከዚህ በፊት ሲዘፍን የሰማው ሰው አላገኘሁም።

በመሆኑም፦

ሀ) ሽማግሌዎች ባሉበት ጠምቄ፣ በማግስቱ እነሱው ቀምሰው ከታሸገው ጋር እንዲያስተያዩ፤

ለ) ጀሪካኖቹ በማን ትእዛዝ ሐሙስ እንደተወሰዱ አቶ ምስጋናው በጽሑፍ እንዲያስረዱ፤

ሐ) ንጹሕነቴ ሲረጋገጥ እገዳው መነሣቱ ስሜ በጠፋበት በዚያው ማይክራፎን እንዲነገርልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ይህ ማመልከቻ እስኪታይ ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ግን፣ የጠጣው ሰው እንዲቀጣብኝ አልሻም። አባባ ሳሊሕ ፊት ቀርቦ፣ የጠጣው ቀሪቦ ወይስ ጠላ እንደነበር ይመስክርልኝ። ጠላን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ፈሂማ እንድሪስ
(ፊርማ)