ሦስት ዓመት ከሁለት ወር የፈጀው ስምምነታችን

ለተከበሩ የቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ ጉልበትዎ እንዴት ነው? የሕንፃዎ ሊፍት ከተበላሸ ጀምሮ እስከ አራተኛ ፎቅ በእግሬ የወጣሁባቸውን ቀናት ሳስብ፣ የእርስዎ ቢሮ ምድር ቤት መሆኑን ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል።

እኔ መነጽር ቤት ውስጥ ሌንስ ቆርጬ ከፍሬሙ ጋር የማገጣጥም ሠራተኛ ነኝ። የቀድሞ ባለቤቴ (ይህን ቃል መጠቀም አሁን የተፈቀደልኝ ይመስለኛል) የአውቶቡስ መካኒክ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል። ዱላ አልነበረም፣ ውሽማም አልነበረም። እኔ ቤት ስገባ የዋልኩትን ሁሉ ካላወራሁ አይወጣልኝም፤ እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሞተር ሲጮህበት ውሎ ቤቱ ጸጥ ካላለለት ራሱን ያመዋል። አንድ እሑድ ጠዋት ልጃችን ጎረቤት ልትጫወት እንደሄደች፣ እሱ ዕቃ እያጠበ እኔ እያደረቅኩ «ብንለያይስ?» አልኩት። «እኔም እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነበር» አለኝ። የዚያን ቀን ያወራነውን ያህል በዓመት አውርተን አናውቅም። ልጅቷ ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ ጋ፣ ቅዳሜና እሑድ እሱ ጋ እንድትሆን ተስማምተን፣ ጽፈን ፈረምንና በማግስቱ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስደን ወደ ክቡር ፍርድ ቤትዎ መጣን። ግማሽ ቀን ይበቃል ብለን ማሰባችን ዛሬም ያሳፍረኛል።

ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ መስኮት ቁጥር ሁለት የሚገኙት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወረቀታችንን ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ «ከሳሽ ማናችሁ?» ብለው ጠየቁን። ከሳሽ እንደሌለ፣ ተስማምተን እንደመጣን ብናስረዳቸው፣ የስምምነት ቅጽ ማለቁን፣ መቼ እንደሚመጣም እንደማይታወቅ፣ ለጊዜው ያለው የክስ ቅጽ ብቻ መሆኑን በትሕትና ገለጹልን። ባለቤቴ ሰዓቱን አየና «በቃ አንቺ ክሰሺኝ፤ እኔ ከሰዓት ፈረቃ አለብኝ» አለኝ። እኔም ከሰስኩት። «የክሱ ምክንያት» በሚለው ባዶ ቦታ ምን እንደምንሞላ ተቸግረን ስንመካከር፣ ከኋላችን የተሰለፈች ሴት «ጠባዩ የማይመች ነው በሉ፤ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚጽፈው» ብላ ገላገለችን። እየሳቅን ጻፍነው። የሳቅነው ሁለታችንም ነን።

ሁለተኛ፦ የሦስት ወር ማሰቢያ ጊዜ ስለተሰጠን ምስጋናችን የላቀ ነው። በሚገባ አሰብን፤ ሐሳባችንም አልተለወጠም። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ግን በመጀመሪያ ዳኛዋ በመዛወራቸው፣ ቀጥሎ ተተኪ ባለመመደቡ፣ ከዚያም መዝገቡ በመጥፋቱ ማሰቢያችን ወደ ሃያ ስምንት ወር ከፍ ተደርጎልናል። በእነዚህ ወራት ያለ አስተማሪ አዲስ ቋንቋ ተምሬአለሁ። «ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጥቷል» ማለት ወደ ሥራሽ ተመለሽ ማለት እንደሆነ፣ «መዝገቡ እየተፈለገ ነው» ማለት ማንም እየፈለገው እንዳልሆነ፣ «ትንሽ ይጠብቁ» ማለት ደግሞ የምሳ ሰዓት መድረሱን እንደሚያመለክት አሁን አሳምሬ አውቃለሁ። መዝገቡን በመጨረሻ ያገኘው ተከሳሹ ራሱ ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ የወደቀ ብሎን ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አንዴ ልግባና ልየው» ብሎ ለምኖ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ አቧራ ለብሶ አወጣው። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ ሪፖርት ግን በውስጡ አልነበረም።

ሦስተኛ፦ ይህ ሪፖርት ስለ ልጃችን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ልጅቷ ገና በዘጠኝ ዓመቷ፣ ባለሙያዋ ብቻዋን ክፍል አስገብተው «ከእናትሽና ከአባትሽ ማንን ትመርጫለሽ?» ብለው ጠይቀዋታል። በሩ ገርበብ ስላለ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን እንሰማ ነበር። እሷም «አንዱን ከመረጥኩ ሌላው የት ይሄዳል?» አለች። ባለሙያዋም «ሕፃኗ ፍላጎቷን መግለጽ አልቻለችም» ብለው መዘገቡ። እኔ ግን በሕንፃዎ ውስጥ በተመላለስኩበት ዘመን ሁሉ ፍላጎቱን እንደዚያች ልጅ ጥርት አድርጎ የገለጸ ሰው አላጋጠመኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ሁሉን ነገር እኩል ማካፈል ጀመረች። ጠዋት እኔን ጉንጬን ከሳመችኝ፣ ሌላ ቤት ለተከራየው አባቷ ደውላ «አንተንም ስሜሃለሁ» ትለዋለች። ለሁለታችን ሁለት ሥዕል ስትሥል አንዱ ካማረባት ያማረውን ትቀደዋለች። ይህን የምለው ደብዳቤዬን ለማሳመር አይደለም፤ ቁርጥራጩን ከቦርሳዋ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሪፖርቱ ስለጠፋም በመጨረሻ የተመደቡት ሁለተኛ ዳኛ ልጅቷ በድጋሚ ቀርባ እንድትጠየቅ አዘዙ። የቀጠሮው ቀን፣ በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው የማላውቀው ባለቤቴ ሄዶ የባለሙያዋ ክፍል በር ላይ ቆመ። ያኔም ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የፈለጋችሁትን እኔን ጠይቁኝ፤ እሷን ሁለተኛ አትጠይቋትም» ብቻ ነው ያለው። ጥበቃ ተጠርቶ አወጣው። ልጄም ተጠየቀች፤ አንድም ቃል ሳትመልስ ወጣች።

በሳምንቱ ችሎቱ፣ ተከሳሽ የመንግሥት ሥራ ማወኩን ገልጾ፣ ከሳሽ ራሷም «ጠባዩ የማይመች ነው» ስትል በጽሑፍ ማመልከቷን ጠቅሶ፣ አባት ልጁን በወር ሁለት ጊዜ፣ ባለሙያ ባለበት፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ እንዲያያት አዘዘ። ደረጃውን ስንወርድ «ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። «አብረን ነው የጻፍነው» አለኝ፤ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አጣሁ። የዚያን ሳምንት ልጄ «አባዬ የማይመጣው እኔ ስላልመለስኩላቸው ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። እንዳላመነችኝ ግን ከዓይኗ አወቅኩ። ሰባት ወር እንዲህ ከረምን።

አራተኛ፦ በእነዚህ ሰባት ወራት የከሰስኩትን ሰው የሚከላከሉ አምስት ማመልከቻዎች በእጄ ጽፌ አስገብቻለሁ። በአምስተኛው ማመልከቻዬ፣ ለመዝገባችን ሦስተኛ በሆኑት ዳኛ ፊት ቀረብኩ። «እርስዎ ከሳሽ ነዎት ወይስ የተከሳሽ ጠበቃ?» ብለው ጠየቁኝ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኛ መጀመሪያውኑ ክስ አልነበረንም፤ ቅጽ ነው ያለቀባችሁ» አልኳቸው። አልሳቁም። መዝገቡን ወደራሳቸው ጎትተው ከመጀመሪያው ገጽ አንሥተው ማንበብ ጀመሩ፤ እኛም ቆመን ጠበቅን። ያን መዝገብ ሰው ሲያነበው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኚህን ሰው የማመሰግናቸው ያለ አንዳች ሽሙጥ መሆኑን እንዲያውቁልኝ እወዳለሁ፤ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀልብዎት ለይቼ ጽፌዋለሁ።

ውሳኔው በሚቀጥለው ቀጠሮ በችኮላ ተነበበ። «በከፊል»፣ «እንደተጠበቀ ሆኖ» እና «በዝርዝር እንደተመለከተው» ከሚሉት በቀር የገባኝ ነገር ስላልነበረ፣ ስንወጣ ጸሐፊዋን «ተፋተናል እንዴ?» አልኳት። «ግልባጩ ሲወጣ ያውቁታል» አለችኝ። ግልባጩ በአምስት ሳምንቱ ወጣ። ተፋተናል። ልጅቷ ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ ጋ፣ ቅዳሜና እሑድ አባቷ ጋ ትሆናለች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አባቷ መጥቶ በር ላይ ቆመ። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷታል፤ ቦርሳዋን አንግታ ጫማዋን አሰረችና «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያልቀው?» አለችው። የአንድ ሰዓቱ ነገር ከእሷ ስላልወጣ ነው። እኔ ቀድሜው መለስኩላት፤ «አያልቅም፤ ነገ አመሻሽ ላይ ነው የምትመጪው» አልኳት። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ክፍሏ ተመልሳ ፒጃማዋን አመጣች።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ውድ ጊዜዎን ከዚህ በላይ ልሻማ አልፈልግም። መሥሪያ ቤትዎ እንደ እኛ ተስማምተው ለሚመጡ ሰዎች ሁሉ የሚበቃ ቅጽ እንዲያገኝ፣ ሊፍትዎ እንዲጠገን፣ ከመዛወርም እንዲጠበቁ እየተመኘሁ፣ በአራተኛ ፎቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ያሳለፍኳቸውን ቀናት ሁሉ በማክበር እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞ ከሳሽ፣ የቀድሞ ሚስት፣ ያልተዛወረች እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በውሳኔው ግልባጭ ገጽ ሦስት ላይ ልጃችን «ወንድ ሕፃን» ተብላ ተጽፋለች። እንዲታረምልኝ ስጠይቅ፣ በአካል ቀርባ መታየት እንዳለባት ተነግሮኛል። አላቀርባትም። ሁለት ጊዜ ፊታችሁ ተቀምጣ ነበር፤ ያኔ ከወረቀቱ ቀና ብሎ ያያት ሰው ካለ፣ እሱን ጠይቁት።