የምስጦቹ አስተርጓሚ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ሰኔ 24 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለልጄ፣
ላንቴ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺም፣ ባለቤትሽም፣ ገና ያልታቀፍኳት ሕፃንም በፍጹም ጤና እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። ወባው በእናንተ ዘንድ እንዴት ከረመ? ለሕፃኗ አጎበር ዘርግታችሁላታል? በግንቦት የነፈሰው ነፋስ በላንቴ ብዙ ሙዝ ጣለ ሲባል ሰምቼ ስለ እናንተ ማሳ አሰብኩ፤ የምጠይቀው ሰው ግን አልነበረኝም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይከራከረኛል እንጂ ሌላ የሚነገር ሕመም የለብኝም። ከምሳ በኋላ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ እከፍተዋለሁ። ዜናው አሳስቦኝ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የሚናገር ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያነበበችልኝ ጎረቤታችን ወይዘሮ ልክነሽ ናት፤ መነጽሬ ተሰብሮ እስካሁን ስላልተሠራ ነው። አንዴ አንብባ ስትጨርስ እንደገና እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። የእኔም ጽሕፈት ዛሬ መስመሩን ቢስት፣ ፊደሉም ከልክ በላይ ቢገዝፍ ብዕሩን እንጂ እኔን አትውቀሺ። ከሥሩ ማስመሪያ አስደግፌ ነው የምጽፈው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ “መስመር ሳታችሁ” እያልኩ የልጆች ጆሮ ስቆነጥጥ የኖርኩ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ።

“ሐምሌ አምስት ቀን ልጄን ክርስትና አስነሣለሁ” ብለሻል። “ስድስት ዓመት ጽፌ አንድ መልስ አላገኘሁም፤ ያን ቀን ካልመጡ ከእንግዲህ አልጽፍም፤ አስቸገርኩዎ” ብለሻል። ሌላውን ሁሉ ችዬ ሰማሁት። “አስቸገርኩዎ” የሚለውን ግን መቻል አቃተኝ። መልስ ልጽፍልሽ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩት። አምስተኛውን የምጽፍልሽ ባለፈው ቅዳሜ ባጋጠመኝ ነገር ምክንያት ነው። ነገሩ ከአንድ ሽማግሌ የማይጠበቅ ስለሆነ በትዕግሥት አንብቢው።

የቀድሞ ትምህርት ቤቴ የወላጆች በዓል ነበረው። ርእሰ መምህሩ ሳምሶን የእኔ ተማሪ እንደነበረ ታስታውሺያለሽ። ወላጆች የልጆቻቸውን ውጤት ከሰሙ በኋላ እየተነሡ ስለሚሄዱ፣ እስከ መጨረሻው እንዲቆዩ በማለት ዘንድሮ በትልቁ አዳራሽ ፊልም ለማሳየት አሰበ። ፊልሙ ሰው ያልተጫወተበት፣ በኮምፒዩተር የተሠራ ቀልድ ነው። ተዋንያኑ ምስጦች ናቸው፤ ይናገራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይዘፍናሉ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ ሳምሶን ቤቴ ድረስ መጥቶ “ጋሼ፣ ከእርስዎ በቀር ማን ይተረጉምልናል?” አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እምቢ ለማለት አቅም አላገኘሁም። ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ ሄድኩ።

ከድምፅ ማጉያው አጠገብ አስቀመጡኝና ማይክሮፎን ሰጡኝ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የከተማ ሰውም፣ ከዶርዜ የወረዱ ወላጆችም ነበሩ። ባለታሪኩ አንድ የእንጨት ጣዕም የማይስማማው ወጣት ምስጥ ነው። ዘመዶቹ ሁሉ ምሰሶ ሲበሉ እርሱ ለምለም ሣር ይመኛል። አባቱ የጎሣው አለቃ ነውና በልጁ አፍሮ ከኩይሳው ያባርረዋል። እኔም እንደ ልማዴ በተሟላ አማርኛ ተረጎምኩ። ልጁ “አባቴ ሆይ፣ የእንጨት ጣዕም ለሰውነቴ አልተስማማም” ሲል አዳራሹ በሳቅ አወካ። የሳቁት በምስጡ መስሎኝ ደስ አለኝ። በኋላ ግን ኦይታ፣ ሸማኔው የዶርዜ አብሮ አደጌ፣ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ “አስተማሪው፣ ይሄ ምስጥ የቄስ ትምህርት ቤት ነው እንዴ ያደገው?” ሲል የተሳቀው በእኔ መሆኑ ገባኝ።

ኦይታ ራሱ ግን በፊልሙ አልሳቀም። “ምስጥ የቀርከሃ ቤቴን ከሥር ከሥሩ እየበላ ሁለት ክንድ አሳጠረብኝ፤ ባለፈው ዓመት በሰው ትከሻ አንሥተን ቦታ ቀየርንለት። ዛሬ ደግሞ ቀልደኛ ሆኖ ይምጣብኝ?” አለ። ከዶርዜ የመጡት ሁሉ “እውነት ነው! እውነት ነው!” አሉ። ልጆቹ እየተንከባለሉ ይስቃሉ፤ አባቶቻቸው ኩምትር ብለው ተቀምጠዋል። የሥነ ሕይወት መምህሩ እንድሪያስ ደግሞ “ሠራተኛ ምስጥ ዓይን የለውም! እነዚህ እንቁላል የሚያህል ዓይን ሠርተውለታል፤ ልጆቹን እያሳሳቱብን ነው” ብሎ ጮኸ። “ዓይን ከሌለው መንገዱን በምን ያውቃል?” ብላ አንዲት እናት ጠየቀችው። “በለመደው ነው፣ እየዳሰሰ” አላት። አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ወደ መጨረሻው ላይ አባትየው ልጁን ፍለጋ ወጥቶ ያገኘዋል። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የተሰበረ ነበር። ያለውን በሚገባ ሰምቻለሁ። “በደልኩህ፤ ይቅር በለኝ” ነው ያለው። አጭር ቃል ነው፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይተረጉመዋል። እኔ ግን ማይክሮፎኑን እንደያዝኩ “አባትየው ልጁን ስለ ታዛዥነት መከረው” አልኩ።

ከዚያ ኦይታ ተነሣ።

“አስተማሪው! ምን ምክር ነው የምትለን? ሰውየው እርጥብ ሣር ይዞ ተንበርክኮ!”

እኔ ጆሮዬን ብቻ ሰጥቼ ስለነበረ ምስሉን ልብ አላልኩትም። ቀስ ብዬ ሳምሶንን “ምን ሣር?” አልኩት። “ይኸው ጋሼ፣ ፊት ለፊትዎ፤ በሁለት እጁ ይዟል፣ ጉልበቱም መሬት ነው” አለኝ።

ፊልሙን የሠሩት ሰዎች የእኛን አገር ሕግ ከየት ያውቁታል? አባት ለልጁ የሚወደውን ምግብ ይዞለት መሄዱን ነው ያሳዩት። የእኛ ሰው ግን በእኛ ሕግ አየው። ለይቅርታ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ ማለት በጋሞ ነውር ብቻ አይደለም፣ ርግማን ነው። ሳምሶን በጆሮዬ እንደነገረኝ፣ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን እያወለቁ ተነሡ። ሲስቁ የነበሩትን ልጆች እናቶቻቸው አፋቸውን ያዙ። አንዲት ሴት ወደ ሸራው እጇን ዘርግታ በጋሞኛ “ተቀበለው እንጂ ልጄ!” አለች። እንድሪያስ “ኧረ ምሳውን ነው ያመጣለት!” ቢል ኦይታ “ዝም በል አንተ! የነፍሳት ዓይን ስትቆጥር የሰው ነገር አመለጠህ” አለው።

እዚህ ላይ ብዕሬን ለጥቂት አስቀምጬ ነበር።

ልጄ፣ ከቤት በወጣሽ በሳምንቱ ምን እንደሆነ የባለቤትሽ አባት አልነገረሽም ብዬ አምናለሁ። ከእኔ የተሻለ ጨዋ ስለሆነ አይነግርሽም። እኩለ ቀን ላይ፣ ብቻውን፣ እርጥብ ሣር ይዞ መጥቶ በቤቴ በር ላይ ተንበረከከ። የበደለው ነገር አልነበረም። በደሉ ሸክላ ሠሪ መሆኑ፣ የእርሱም ልጅ የሸማኔ ዘር የሆንሽውን አንቺን መውደዱ ነበር። እኔም ከደጃፌ ሳልወርድ “እኔ ዳዊት የደገምኩ፣ መንግሥት ያስተማረኝ ሰው ነኝ፤ ሣር ለከብት ነው” ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ፀሐዩ ሣሩን በእጁ ላይ እስኪያደርቀው አልተነሣም። በመጨረሻ ክንዱን ይዛ ያነሣችው ልክነሽ ናት። ይህን ሁሉ በመስኮት አየሁ። ያን ጊዜ አጥርቼ አይ ነበር።

በአዳራሹ ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ለአንድ ምስጥ ሲነሣ ሰማሁ፤ የወንበሩ ድምፅ ብቻ በቂ ነበር። ማይክሮፎኑን አስጠጋሁና “ተሳስቻለሁ። የተረጎምኩላችሁ ልክ አይደለም። በደልኩህ፣ ይቅር በለኝ ነው ያለው” አልኩ። በሠላሳ አራት ዓመት የማስተማር ዘመኔ በሰው ፊት ስሕተቴን ሳርም የመጀመሪያዬ ነው። ኦይታ “እንዲህ በል እንጂ!” ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ሲቀላ ሁሉ ስለዚሁ ፊልም ነው የሚያወራው። ግማሹ “በወላጆች በዓል ምስጥ ማሳየት ንቀት ነው” ይላል፤ ግማሹ ይደገምልን ብሎ ሳምሶንን ያስጨንቃል። ልክነሽ “ለምስጥ አለቀስኩ፤ ለማንም እንዳይነግሩብኝ” አለችኝ። እኔን መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ልጆች “አባቴ ሆይ!” እያሉ ይሮጣሉ። ድሮ ቢሆን አሳድጃቸው ነበር።

አሁን አስተርጓሚ የማያስፈልገውን ልናገር። በደልኩሽ። የባለቤትሽንም አባት በደልኩ። ስድስት ዓመት የጻፍሽልኝን ሁሉ አስቀምጫለሁ፤ መልስ ያልሰጠሁት ይህችን አንዲት ቃል መጻፍ ስላቃተኝ ነበር። ከላንቴ እስከ እኔ በር በእግር የጥቂት ሰዓት መንገድ መሆኑን እያወቅሁ እንደ ባሕር ማዶ ቆጠርኩት።

ሐምሌ አምስት ቀን እመጣለሁ። በሚኒባስ እስከ አስፋልቱ ዳር እደርሳለሁ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ያለውን መንገድ ስለማላውቀው ባለቤትሽ ካሌብ መጥቶ ክንዴን ይያዘኝ። ለአባቱ ንገሪው፦ ፊቱ ስንበረከክ ቶሎ ብሎ እንዳያነሣኝ። እርሱ የቆየውን ያህል ለመቆየት ጉልበቴ አይፈቅድልኝም፤ የቻልኩትን ያህል ግን ይተወኝ።

የአባቶቼ አምላክ ቤትሽን ይጠብቅ፤ ለሕፃኗ ዕድሜና ጸጋ ይስጣት፤ የማሳችሁን ፍሬ ያብዛላችሁ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በዚያን ቀን ደጃፍሽ ላይ ብዙ ሰው ይኖራል። ካኮረፍሽኝም ዝም ብለሽ ቆመሽ አትጠብቂኝ። ከሁሉም ቀድመሽ ተናገሪ፤ የፈለግሽውን በይ፣ ብትቆጪኝም ይሁን፤ ብቻ ድምፅሽን አሰሚኝ። እኔ ድምፅሽን ተከትዬ ወደዚያ እመጣለሁ።

አባትሽ