ቀና ብላ ስላላየች የወደቀች ልጅ

ልጄ ጸደንያ በኮምፒዩተር የሚሠራ ከፍተኛ የሒሳብ ትምህርቷን የጽሑፍ ፈተና ከክፍሏ አንደኛ ሆና አለፈች! ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅርታዎን፤ ደስታው ቀድሞኝ ነው።

ለተከበሩ የሒሳብ መምህሯ፦ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? እኛ በመካነ ሰላም፣ የቃል ፈተናዎ ከነሳን እንቅልፍ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቅሬታ ነው አይበሉኝና፣ ምስጋናዬ እነሆ።

፩. የቃል ፈተናውን የወደቀ ትምህርቱን በሙሉ ይወድቃል፣ አይመረቅም የሚለው ደንብዎ እጅግ ደስ ይላል። የዓመታት ልፋት በአንድ ጠዋት እንዴት እንደሚተን አሳይቶናል።

፪. ልጄ የጠየቋትን ሁሉ በትክክል መልሳ ሳለ «ዓይን እያየች አትናገርም፤ በራሷ አትተማመንም» ብለው ስለጣሏት አመሰግናለሁ። እኛ ቤት በታላቅ ፊት አንገት ይደፋል። አባቷ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ የተማሪ ዜማ ሲያርሙ የሚያዳምጡት ድምፁን ነው፤ ሒሳብ በዓይን እንደሚታረም ገና ከእርስዎ መስማታችን ነው።

፫. የቡድን ሥራውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም የጻፈችው ጸደንያ ናት። የቡድን ጓደኛዋ ወንድማገኘሁ እሷ ያስረዳችውን አፍጥጦ እያየዎት ቢደግምልዎት ሙሉ ነጥብ ሰጡት። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አንዲት ቃል አልረሳም።

አሁን ለድጋሚ ፈተናው ልትዘጋጅ ቤት መጥታለች። እኔ እርስዎን ሆኜ አፈጥባታለሁ፤ ጥቂት ታየኝና እንባዋ ሲመጣ ታቀረቅራለች። አባቷን ቀና ብላ ብታያቸው ምን አጠፋሁ ብለው ደነገጡ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈርቻለሁ። ብታቀረቅር አላወቀችም ይሏታል፤ ብታፈጥ ደግሞ ባለጌ ቢሏትስ? ቅንድብዎን ትይ ወይስ አፍንጫዎን፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ እባክዎ በጽሑፍ ያሳውቁን። ጎረቤቴ ፈርሂያ ዱዓ ይዛለች፣ እኔም ስለት ገብቻለሁ፤ ልጅቱ ግን እህል አልወርድላት ብሏል።

የከበረ ጊዜዎን ስለተሻማሁ በድጋሚ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለዓይንዎ ረጅም ዕድሜና ጤና የምትመኝ፣
በለጥሻቸው አካሉ

ማስታወሻ፦ ድጋሚ ፈተናው ግንቦት ፳፭ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን በማለፏ የደገስሁላት ድግስ ከዚያ በፊት እንዲሆን ያደረግሁት አውቄ ነው፤ ልጄ ማወቋን እርስዎ እስኪያጸድቁት አልጠብቅም። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለዘመድም ሄዷል፤ የደጎሎም የኩታበርም ይስማ። እርስዎም አይቅሩ፣ ነጥብ አይያዝብዎትም። ግንቦት ፳፩ ቀን፣ የማርያም ዕለት፣ ሁላችሁም ኑ።