ቦራ የመሰከረበት ሰው

ይድረስ ለማልረሳህ ባለቤቴ ለሞገስ፤

እንዴት ነህ ብዬ ብጠይቅህ መልሱ አይደርሰኝም፤ እኛስ እንዳለን አለን። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። የዘንገና መንገድ እንደምታውቀው ጭቃ ሆኗል፣ ከቤታችን በላይ ያለው ድንች አብቧል። ልጅህ እንጅባራ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ከእኔ ቀድማ ፈረስህን ቦራን ነው የምትስመው። ጣራው ያፈስ የነበረበትን ቦታ ወንድምህ ጋሽ አድማሱ አምና ጠግነውት ነበር። ዘንድሮ በሌላ በኩል ሲያፈስ ግን ልለምናቸው አልቻልኩም፤ ደጄን ከረገጡ ሰነበቱ። ለምን እንደሆነ ልነግርህ ነው የተነሳሁት። አንተ ሰው፣ ድንጋጤው እስከ ዛሬ ከላዬ አልወረደም።

ያን ቀን ከገበያ ስትቀር ቦራ ኮርቻውን እንደተጫነ ብቻውን ግቢ ገባ። ወጥተን ስንፈልግህ ከሐይቁ በላይ ካለው ዳገት ሥር አገኘንህ። ሰው እንደመታህ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገም። የቀረውን አልጽፈውም፤ አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔም ከዓይኔ አልጠፋም።

የፈረሰኛ ቀብር እንዴት እንደሚሆን ላንተ አልነግርህም፤ የስንቱን ሟች ፈረስ ለቅሶ መሃል ስበህ አዙረሃል። ቦራንም እንደ ወጉ ለጥር ጊዮርጊስ ግልቢያ በሚለብሰው ዕቃ አስጊጠው፣ ያንተን ካባ ኮርቻው ላይ ጥለው፣ ጋሽ አድማሱ ራሳቸው እየሳቡ በለቀስተኛው መሃል አዞሩት። እኔ እየጮኽኩ ከኋላው ነበርኩ። በድንገት ልጓሙን ከእጃቸው አስጥሎ ሰዉን ጥሶ ሄደና ከዳር ቆሞ ከነበረው ከጌትነት ፊት ቀጥ አለ። አዎ፣ ጎረቤታችን ጌትነት፣ በማሳ ድንበር የተጣላኸው። ቦራ አንኮራፋ፣ መሬቱን በኮቴው ጫረ፣ በአፍንጫው የሰውዬውን ደረት ገፋው።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ጋሽ አድማሱ እጃቸውን ዘርግተው "ፈረስ የጌታውን ደም ያውቃል" አሉ። በአገራችን ሰው ይዋሻል፣ ፈረስ ግን አይዋሽም፤ ይህን ከእናት ጡት ጋር ነው የጠጣነው። የድንበሩን ጠብ ደግሞ አገር ያውቀዋል። ማን ይጠራጠር? እኔም አመንኩ። ሳጥንህ ገና ጉድጓድ ሳይገባ ጌትነትን ከመሃል ጎትተው መቱት። ሚሊሾች ደርሰው ባይነጥቁት ኖሮ የዚያን ቀን ሁለት ቀብር ይሆን ነበር። ሲወስዱት ዞር ዞር እያለ ወደ መቃብሩ ያይ ነበር፤ እኔም ሥራው አስፈርቶት ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ የፍርድ ቤቱ ዘመን መጣ። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ጋሽ አድማሱና እኔ በሚኒባስ እንጅባራ እንወርዳለን። የመጀመሪያው ዕለት ድንጋጤዬን እንዴት ልንገርህ! መንግሥት ለጌትነት ጠበቃ አቁሞለታል፣ ያውም በነጻ። ዐቃቤ ሕጉን ጠጋ ብዬ ለባለቤቴስ ማን ቆመለት ስለው፣ እኔ ነኝ፣ መንግሥት ነው ያቆመኝ አለኝ። ታዲያ ለሁለቱም መንግሥት ከሆነ ማን ከማን ጋር ነው የሚከራከረው አልኩት። ሳቀ፤ ሕግ ማለት ይኸው ነው አለኝ። እኔ አልሳቅሁም።

ዳኛው ጌትነትን ማረሚያ ቤት ውስጥ የደረሰብህ በደል አለ ወይ ብለው ይጠይቁታል። እኔን ግን እንዴት ከረምሽ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ከሁሉ ያቃጠለኝ ደግሞ ያንተ ነገር ነው። ስምህ ጠፋ። "ሟች" ይሉሃል። ሟች ከገበያ ሲመለስ፣ ሟች ከተከሳሽ ጋር ቂም ነበረው፣ ሟች እንዲህ፣ ሟች እንዲያ። ፈረስህ እንኳ ቦራ የሚል ስም ነበረው። የሞተ ተጎዳ የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።

ጌትነት መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ገድያለሁ ብሎ አምኖ ነበር። ችሎት ፊት ግን ያልኩት ተደብድቤ ነው ብሎ የማይታጠፍ ጣቱን አሳየ። በሆዴ ይበልህ አልኩ። ዳኞቹ ግን ሐኪም አስመረመሩና በዱላ የወጣ ቃል ቃል አይደለም ብለው ጣሉት። ጋሽ አድማሱ ጥርሳቸውን ሲያፋጩ ከጎናቸው ሆኜ ይሰማኝ ነበር። ቀጥሎ ምስክሮች ቀረቡ፤ ምን አያችሁ ሲባሉ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ፈረሱ ሄዶ ሲቆምበት አየን። ያኔ ነው ክሱ በሙሉ በቦራ ጀርባ ላይ እንደተጫነ የገባኝ።

የእኔ ተራ ደረሰ። መጽሐፍ ቅዱስ ነክቼ ማልኩ። ለዐቃቤ ሕጉ የቀብሩን ነገር እያለቀስኩ ተናገርኩ። ከዚያ ተከላካይ ጠበቃዋ ተነሳች፤ ቀጭን፣ ድምጿ የማይሰማ የዳንግላ ልጅ ናት። እንዴት እንደምጠላት አልነግርህም። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ሞገስ ፈረሱን በጣም ይወደው ነበር?" አለችኝ። ሞገስ! በዚያ ቤት ስምህን የጠራች እሷ ብቻ ናት፣ የጠላትህ ጠበቃ። የምስክር መቆሚያውን እንጨት ያዝኩ። አዎ አልኩ። ቀጥላ ቀስ ብላ፣ "ፈረሱ ከቀብሩ በፊት ጌትነትን ያውቀው ነበር?" አለችኝ።

ሞገስ፣ ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። የቀረው ድንጋጤ ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር።

ያ ጠዋት ትዝ አለኝ። ሽማግሌዎቹ ድንበሩን ለክተው ቁራሹን መሬት ለጌትነት ከፈረዱለት በኋላ ነው። አንተ ያን ዕለት ቤት ገብተህ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ብለህ ራትህን በላህ። ሰላምታውን ግን ዘጋህበት፤ ግትርነትህን መቼም አታጣውም። ታዲያ አንድ ጠዋት ከአጥሩ ጀርባ ቆመን ቦራ ወደ ማዶ ተሻግሮ አየነው። ጌትነት ከኪሱ የገብስ ቆሎ አውጥቶ በመዳፉ ያበላዋል። ሲጨርስ ቦራ አንኮራፋ፣ መሬቱን ጫረ፣ ጨምርልኝ እያለ ደረቱን ገፋው። እኔ ልጮኽ አፌን ስከፍት እጄን ያዝከኝና "እንዳላየን እንሁን፤ እኛ ብንጣላ ፈረሱ ምን አደረገ?" አልከኝ። እንባህ እስኪወርድ ሳቅህ። ከዚያ ወዲህ ቦራን ስትፈታው ሆን ብለህ በዚያ በኩል ነበር የምትለቀው። ይህን ከአንተና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የደም ምልክት ያልነው የቆሎ ልመና ነበር። ቀብሩ ላይ እንዴት እንዳልታየኝ አላውቅም። ሐዘን ዓይን ይጋርዳል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ አሁን አመንኩ። ፈረሱ አልዋሸም፤ ያልጠየቅነውን ነበር የመለሰልን።

ጋሽ አድማሱ ከኋላዬ ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። "አያውቀውም" ብል ማንም አይይዘኝም ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። ጌትነት ዕድሜውን እዚያው ይጨርስ ነበር፣ እኔም ለባሌ ደም ፍርድ አገኘሁ ብዬ እተኛ ነበር። ግን ሳቅህን እንዴት አድርጌ ልካድ? ያቺን ጠዋት ከካድኩ ከአንተ ምን ይቀረኛል? "ያውቀዋል። ቆሎ ያበላው ነበር። ባለቤቴም ይህን ያውቅ ነበር" አልኩ። ጠበቃዋ እንኳ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም፤ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

በፍርዱ ቀን በነጻ ይሰናበት ተባለ። ዳኛው ሲያነቡ በደንብ አዳምጫለሁ። አልገደለም አላሉም፤ መግደሉ አልተረጋገጠም ነው ያሉት። እኔ እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ መሃል ነው የምኖረው። ከግቢው ስንወጣ ጋሽ አድማሱ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ "ወንድሜን ሁለተኛ ገደልሽው" ብለውኝ በባጃጅ ሄዱ። ሚኒባሱን ብቻዬን ተሳፍሬ መጣሁ። አልፈርድባቸውም፤ ወንድማቸው ነህ። ደም ለመመለስ እንዳይነሱ ግን የንስሐ አባታቸውን እግር ስሜ ለምኛለሁ፤ እስካሁን ይዘውልኛል።

አንድ ነገር ግን ሌሊት እየቀሰቀሰ ያስደነግጠኛል። ጌትነትን ቀብር ላይ ስንደበድብ፣ ገዳዩ እሱ ካልሆነ፣ የገደለህ ሰው ምናልባት ከእኛው ጋር ቆሞ እያለቀሰ ነበር። ምናልባት ንፍሮዬን በልቷል። ምናልባት እግዜር ያጥናሽ ብሎኛል። እኛ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰው ላይ ስናፈጥ የዚያን ሰው ዱካ ዝናብ አጠበው። ገበያ በወጣሁ ቁጥር ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ጎራ እላለሁ። ምርመራው አልተዘጋም ይለኛል። አሁን ሲያየኝ አይስቅም። እኔም ሟች ሲለኝ ሞገስ በለው እለዋለሁ፤ ለምዶታል።

አሁን ያለፈውን ሳምንት ልንገርህ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ደጅ ላይ ድንች ስመርጥ ጌትነት ከበሩ ቆመ። ከስቷል። በእጄ የነበረው ድንች ወደቀ። ምን ልትሠራ መጣህ ልለው ስል ባርኔጣውን ከተላጨ ራሱ አውልቆ "ለቅሶ ልደርስ ነው" አለኝ።

ወጉን ታውቃለህ። ለቅሶ ደራሽ ከበር አይመለስም፤ ጠላትም ቢሆን፣ ዓመት ቆይቶም ቢሆን። በእጄ አግዳሚውን አሳየሁት። ተቀመጠ። እኔም ከማዶ ተቀመጥኩ። ቦራ ከጋጣው ሰምቶት መጣ፤ አንኮራፋ፣ ጫረ፣ ደረቱን ገፋው፣ ልክ እንደ ቀብሩ ዕለት። ጌትነት ኪሱን ዳበሰ፤ ባዶ ነው። ባዶ መዳፉን ዘረጋለት፣ ቦራም ላሰው። ሰውዬው ያኔ አለቀሰ፤ አንተን የሚያለቅስ ይሁን የራሱን ዓመት አላወቅሁም።

ሲነሳ "ያን ዕለት አፈር ሳላለብሰው ወሰዱኝ። እግዜር ያጥናሽ" አለኝ። አሜን ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ዓይኔ እጁ ላይ ነበር። ቦራ የላሰው እጅ ነው፤ ሌላ ምን እንደነካ የሚነግረኝ የለም። ዐቃቤ ሕጉም፣ ያቺ የዳንግላ ልጅም፣ ፈረሱም አልነገሩኝም። አንተ ብቻ ታውቃለህ፣ አንተ ደግሞ ዝም ብለሃል።

ሞገስ፣ የገደለህን እስካውቅ ድረስ መጠየቄን አልተውም፤ እስካውቅ ድረስ ደግሞ በማንም ላይ ጣቴን አልቀስርም። ጋሽ አድማሱ ይህን ብርታት ይሉት እንደሆነ ክህደት አላውቅም። አንተን ግን በዚያ ዳገት ሥር እንዳገኘሁህ አድርጌ አላስብህም። ከአጥሩ ጀርባ እጄን ይዘህ እንባህ እስኪወርድ እንደሳቅህ ነው በልቤ የምትኖረው፤ አፈር እስክለብስ ድረስ ከዚያ አልነቅልህም።

ዛሬ ጠዋት ቦራን ፈታሁት። ትንሽ ቆመና ወደ ማዶ ተሻገረ። ልጠራው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ባለቤትህ የሺ