ይቅርታ የማይሠራበት አንቀጽ

ውድ ወንድሜ፣

ባለፈው ቅዳሜ ከመስታወቱ ማዶ ሆነህ፣ «ይሄን ሕግ ያወጣው ሰው እናት የለውም እንዴ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ዝም አልኩህ። አንተ ደግሞ ዝምታዬን ሐዘን መስሎህ «አይዞሽ እታለም» አልከኝ። ሦስት ዓመት የተፈረደበት እያለ የምትጽናናው ከውጭ የመጣችው ሆነች። አውቶቡስ ውስጥ ሰው እስኪያፍርልኝ ድረስ አለቀስኩ።

እማዬ የወደቀች ዕለት አንተ ነበርክ፣ እኔ አልነበርኩም። እኔ በሌላ አምቡላንስ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነበርኩ። ወደ እናንተ የተላከው እኛ «መምህሩ» የምንለው ባልደረባዬ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ደረት ሲጫን የኖረ ነርስ። እማዬን ከምግብ ጠረጴዛው ሥር ስቦ አወጣና ደረቷን መጫን ጀመረ። ከዚያ ድንገት እጁን አነሳ። አንተ «ለምን ታቆማለህ? ሞታለች ልትለኝ ነው?» ብለህ ጮህክበት። መልስ ሳይሰጥህ አንገቷን ሊዳብስ ሲያጎነብስ ወንበሩን አንስተህ መታኸው።

ወንድሜ፣ ተስፋ ቆርጦ አልነበረም። በየሁለት ደቂቃው እጃችንን እናነሳለን፤ የበሽተኛው ልብ ተመልሶ መምታት ጀምሮ እንደሆነ ለማየት ነው። ዐሥር ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ዐሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር፣ እራት ላይ ስንት የማይረባ ወሬ ሳወራህ፣ ይህችን አንዲት ነገር ነግሬህ አላውቅም። በገዛ ቤቴ ይደርሳል ብዬ መች አሰብኩ!

የአምቡላንሱ ሹፌር አንተን ይያዝ፣ መምህሩን ያንሳ ወይስ እማዬን ይርዳ? አንድ ሰው ነው። «ትተርፍ ነበር ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ቀድሞውኑ አልፋ ነበር ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግን አላውቅም። ማንም አያውቅም።

አሁን ዝም ያልኩበትን ልንገርህ። ከአራት ዓመት በፊት የአንዲት በሽተኛ ወንድ ልጅ እጄን ሲሰብረኝ ጸጉሬን ያጠብክልኝ አንተ ነህ። የዚያ ልጅ ዘመዶች ሳሎናችንን ሞልተው «ደንግጦ ነው፣ ማሪው» ብለው አላስቀምጥ አሉኝ፤ ክሱን ተውኩት። ስድስት ወር ሳይሞላ ያው ልጅ ሌላ ነርስ መትቶ አንድ ዓይኗን አጠፋው። ይህን ያየሁ ሰሞን አንተ ለሥራ ሩቅ ነበርክ። እኔ በየአምቡላንስ ጣቢያው እየዞርኩ ፊርማ አሰባሰብኩ፤ የጤና ባለሙያን የሚመታ ሰው የሚቀጣበትን የሕግ ሐሳብም ጽፈን አስገባን። ዳኛዋ ያነበቡልህ «የተጎጂው ይቅርታ ቅጣቱን አያቀልም» የሚለው የእኔ ዐረፍተ ነገር ነው። አንድ ቃል እንኳ አልተቀየረበትም። ያኔ ኮርቼበት ነበር።

መምህሩ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ፣ በተዘጋ ጥርስ «እናቱ ዓይኑ እያየ እየሞተችበት ነበር፤ ይቅር ብዬዋለሁ» ሲል አንተም ሰምተሃል። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው «ሰምቼዎታለሁ፤ ግን ሕጉ እጄን አስሮታል» አሉት። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ትናንት መምህሩ ጣቢያ መጣ። «አንቀጹ ይሻር ብለን እንጻፍ፤ ተጎጂው ራሱ ከፈረመ ይሰሙናል። ለወንድምሽ ይግባኝ ሊደርስለት ይችላል» አለኝ። ደብዳቤውን አዘጋጅቶት ነበር፤ እሱ ፈረመ፣ ብዕሩን ለእኔ አቀበለኝ። ልፈርም ስል በሩ ላይ ልቅሶ ሰማን። ባለፈው ሳምንት አዲሷን ነርሳችንን ከደረጃ የገፈተራት ሰው እናት ናቸው። ነርሷ እግር ላይ ወድቀው «ማሪልኝ ልጄ፣ ያለሱ ማንም የለኝ» ይሏታል። ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች፤ አንገቷ ላይ ያለው መደገፊያ ገና አልወለቀም። «እማማ፣ ይነሱ። እሷ ብትምረውም ዋጋ የለውም፤ ሕጉ አይፈቅድም» አልኳቸው።

ልጅቷ እፎይ ስትል አየኋት። እኔ ያኔ ሳሎናችን ውስጥ እንዲህ የሚልልኝ ሰው አጥቼ ነበር።

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መምህሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ወንድሜ፣ ላንተ ስል እንኳ መፈረም አቃተኝ። ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስረግም አደርኩ፤ ጠዋት ተነሥቼም እጄ አልታዘዝ አለኝ። ይቅር በለኝ ልልህ ፊት የለኝም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ይህን አንብበህ ልታየኝ ካልፈለግክ ለጠባቂው ንገረው፤ ሹራብህን ሰጥቼ እመለሳለሁ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እመጣለሁ።

እህትህ