የአልጋዬ ብረት

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ (የጻፍኩት ሐምሌ 14)

ውሃ እየቀዳሁ ነው። ቧንቧው በሳምንት አንዴ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚመጣ። ሦስተኛው ጀሪካን ሊሞላ ሲል በሩ ተንኳኳ። ከተከራዮቼ አንዱ መሰለኝ፤ የማራኪ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ሲያጠና አድሮ ይገባል። ከፈትኩ። የዕድራችን ሽማግሌዎች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

ሞት መሆኑ ገባኝ። የማን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ወንድሜ ታሞ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአንዲት አፍታ ወንድሜ ይሁን አልኩ።

ፈንታሁን ነው አሉኝ። ልጄ። ትናንት ከሰዓት፣ ወደ ጎንደር ሲመጣ ኮሶዬ ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ በሞተሩ።

ቧንቧውን የዘጋው የለም። ግቢው በሙሉ ውሃ ሆነ። ለቀስተኛው ልብሱን እየሰበሰበ ገባ። ስንት የምንጠብቃት ውሃ እንዲያ ስትፈስ ማንም አላያትም።

ያንኑ ዕለት ኮሶዬ፣ ከአባቱ ጎን ቀበርነው።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ደብተሬ፣ አንቺ የእኔ አልነበርሽም። ከፈንታሁን ቦርሳ ነው ያገኘሁሽ። የፊተኞቹ ገጾችሽ የእሱ ናቸው። የሞተር ስዕል፣ የሴንቲ ሜትር ቁጥር፣ ቀስት። ባዶው የእኔ ነው። ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ፤ ቀስ ብዬ ነው የምጽፍ። ታገሺኝ።

ቦርሳው ውስጥ ሌላ የነበረው፦ ፒንሳ፣ አንድ ሹራብ፣ ግማሽ ፓኮ ነጭ ጠመኔ። ጠመኔ ለምን? አስተማሪ አይደል። አምባ ጊዮርጊስ ተቀምጦ በሞተር ዕቃ የሚያመላልስ ልጅ ነው። ተከራዮቼን ጠየቅሁ። እነሱም አላወቁ።

አሁን የሚከነክነኝን ልጻፍ። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ሰው ሲናገር ሰማሁ። በአልጋ ብረት የተጠጋገነ ሞተር፣ ያውም ጭነት ተጭኖበት፣ እንዴት አይሰበር! አለ። ሌላው ዝም በል፣ እናቲቱ እዚህ ናት አለው።

አልጋው የእኔ ነው። የሰርጌ የብረት አልጋ። ፈንታሁን ሞተሯን ተሰባብራ ነው የገዛት። ትንሽ ናት፣ ጎማዋ ባለ ጥርስ፣ ለአቧራና ለጭቃ መንገድ የተሠራች። ሻንሲዋ፣ ማለት አጽሟ፣ ከመቀመጫው ሥር ተሰንጥቆ ነበር። የሚያጠነክርበት ወፍራም ቱቦ አጣ። በሁዳዴ መጣና የአልጋዬን ብረት በጣቱ ያንኳኳ ጀመር። ምነው? አልኩት።

“እማ፣ የድሮ ብረት እኮ ሸጋ ነው” አለ።

ሳቄ መጣ። ውሰደው አልኩት። ፍራሼን መሬት አነጠፍኩ።

እንግዲህ ሻንሲው ተሰብሮ ከሆነ ልጄን የጣለው የእኔ ብረት ነው። ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምልሽ። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ሞተሯን በአይሱዙ አመጧት። በበላይ ብየዳ ቤት ናት። በላይ የፈንታሁን ባልንጀራ ነው፤ ብየዳ ያስተማረውም እሱ። ገደል ጨምራት ብዬ ላክሁበት።

ራሱ መጣ። ከስቷል። ደኅና ደኅናው ዕቃ ይፈታና ለሌላ ሞተር ይሁን ይላል። ፈንታሁንም ከሞቱ ሞተሮች ለቃቅሞ ነው ይቺን ያስነሳት፤ ካቴናው ከአንዱ፣ ፍሬኑ ከሌላው፣ መቀመጫው ከሦስተኛው።

ሊወጣ ሲል ደጅ ላይ ጠየቅሁት። ብረቱ ተሰብሯል? አላየሁም እትየ አለ። ምነው አላየህም? ኮፍያውን አውልቆ፦

“ፈራሁ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።”

ለካ ሁለት ነን።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። እንዳታጽናናኝ፣ ያየኸውን ብቻ ንገረኝ አልኩት በላይን።

የፊቱ ቸርኬ እንደ ቂጣ ታጥፏል። ቸርኬውን የሚይዙት የፊት እግሮቿ ተቆልምመዋል። መብራት የላትም። ደም ይኖራል ብዬ ነበር። ዝናብ አጥቦታል።

መቀመጫውን ፈታ። ከሥሩ የአልጋዬ ቱቦ። አረንጓዴ ቀለሙ ገና በየጥጉ አለ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

በላይ ብየዳውን በሽቦ ብሩሽ አጸዳ። ናፍጣ ቀባው። ናፍጣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ውስጥ እንኳ ይገባል አለኝ። ጠበቅን። በጨርቅ አደረቀው። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ነገር አወረደ። ጠመኔ! ፈጭቶ ብየዳው ላይ ነፋበት። ስንጥቅ ካለ የተደበቀው ናፍጣ ተመልሶ ይወጣል፣ ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ይታያል አለ። ፈንታሁን ጭነት ከመጫኑ በፊት በየሳምንቱ እንዲህ ያያት ነበር።

ለዚህ ነው ጠመኔው። ልጄ በየሳምንቱ።

ዓይናችንን ነጩ ላይ ተክለን ቆምን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ነጭ ነው። አሁንም ነጭ። በላይ ወደሚቀጥለው ብየዳ ሄደ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ዐሥራ አንድ ናቸው። ዐሥራ አንዱም ነጭ።

ሲባጎ ወጥሮ ከፈንታሁን ቁጥር ጋር አስተያየ። አልተጣመመም። አንዲት ሚሊ አልሄደም እትየ አለና ብረት የሚያስይዝበት ሞርሳ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

እኔ አላለቀስኩም። እጄን አስነካሁት። ብየዳው እንደ ጥልፍ ነው፣ አንዱ ከአንዱ እኩል። ጫማውን እንኳ አስተካክሎ የማያስር ልጅ! የነገሥታቱን ግንብ ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ድንጋዩን ሲደባብስ ሳይ እስቅ ነበር። ዛሬ ገባኝ።

የልጄን እጅ አላውቀውም ነበር።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

አያ መንገሻ ከአምባ ጊዮርጊስ መጡ። ሙክት እየጎተቱ። ያን ቀን ፈንታሁን ጭኖት የነበረው ሙክት ነው፤ ጎንደር ላለችው አራስ ልጃቸው ልከውት ነበር። ልጅቱ ይህን አልበላም አለቻቸው። ለተዝካሩ ይሁን ብለው አመጡት።

መጀመሪያ የደረሱት የእሳቸው አገር ሰዎች ናቸው፤ ሁሉንም ነገሩኝ። ዝናብ ከላይ ያወረደው ድንጋይ መንገዱ ላይ ነበር። ጉሙ ሸፈነው። የፊት ጎማው እሱን መታ። ፈንታሁን ወደ ፊት ተወረወረ። አልተንፈራገጠም፣ ወዲያው ነው አሉ። ይህን ሲሉ መሬት መሬት አዩ። ሙክቱ ከኋላ እንደታሰረ፣ ምንም ሳይሆን ተገኘ።

“እያመሰኳ ነበር፣ የማያፍር!” አሉ።

በሆዴ ሙክቱን ጠላሁት። እሱ ሞቶ አንተ ትኖር አልኩ። ውሃ ግን ሰጠሁት። ሲጠጣ አየሁት፤ አንድ እግሩ እንኳ አያነክስ። ያኔ ነው የገባኝ። የታሰረበት የኋላው ዕቃ መጫኛ ፈንታሁን ከአልጋዬ ራስጌ የሠራው ነው። ያን ሁሉ ምት ችሎ አልተላቀቀም። ልጄ አጥብቆ ያሰረው ነፍስ ተርፏል።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

የነፍስ አባቴ መጡ። አርባው ነሐሴ 13 ይውላል፣ ፍልሰታ ነው፣ ተዝካሩ በጾም ወጥ ይሆናል አሉ። ሙክቱ አይታረድም። አያ መንገሻ በስልክ ሲሰሙ ሳቁ። ከድንጋይ አመለጠ፣ ደግሞ ከቢላም አመለጠ፣ ይሄ በግስ ሳይቀብረን አይቀር አሉ። ከሐምሌ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት።

ለአባ ስለ ብረቱ ተናገርኩ። ፍርሃቴን፣ የወንድሜንም ነገር። ስለ ወንድሜ ስግደት ሰጡኝ። ስለ ብረቱ ግን የጠመኔውን ሥራ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። መስቀላቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሞተሯ አትፈታም። ትነሳ አልኩት በላይን።

ቸርኬ ከአንዲት የወደቀች ሞተር አገኘ። የፊት እግሮቿን ከሌላ። መሪው የሚቆምበት አንገት ይጠንክር ይላል፤ ያን ፈንታሁን ገና አልደረሰበትም። ስዕሉ ግን አንቺ ላይ አለ፣ የመጨረሻው ገጽ። ከእኔ ጽሕፈት በፊት ያለው።

ከአልጋዬ አንድ እግር ቀርቶኝ ነበር። በሻሽ ጠቅልዬ ወሰድኩለት። በላይ ቆረጠ፣ እኔ ያዝኩ። ጥቁር መስታወት ሰጠኝ። በመስታወቱ ሁሉ ነገር ጨለመ፣ አንዲት ነጥብ ብርሃን ብቻ። ብረት እንደ ማር ሲቀልጥ አየሁ። ሁለቱ አንድ ሲሆኑ አየሁ። ልጄ በየቀኑ ይህን እያየ ኖሮ ማታ ሲደውል ደኅና ነኝ ብቻ ይለኝ ነበር።

ከቀዘቀዘ በኋላ ናፍጣውን እኔ ቀባሁ። ጠመኔው ከቦርሳው ነው። እኔ ነፋሁ።

ነጭ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ፣ 11 ሰዓት

ነገ አርባው ነው። ዘመድ ሁሉ በሚኒባስ ወደ ኮሶዬ ይሄዳል። ለእኔም ከፊት ቦታ ይዘውልኛል።

ፈንታሁን እማ አንድ ቀን ላፈናጥጥሽ ሲለኝ፣ የበግ መቀመጫ ላይ አልቀመጥም እለው ነበር። አንድ ቀንም እሺ አላልኩም።

ነገ በላይ ይነዳል፣ እኔ እፈናጠጣለሁ። ቆርጫለሁ። ጎረቤቴ ወ/ሮ ጥሩ ሰምታ ስትሮጥ መጣች። አንቺ ሴትዮ፣ ነጠላሽ ቸርኬ ውስጥ ቢገባስ! አስሬው እሄዳለሁ አልኳት። ጉም ቢሆንስ? ቀስ እንላለን። ጭንቅላቷን ይዛ ወጣች። ተመልሳ ወፍራም ጋቢ አመጣችልኝ።

በተወለደ በአርባ ቀኑ እዚያው ኮሶዬ ቤ/ክ ክርስትና አስነሳሁት። ያን ጊዜ አቅፌው በእግሬ ሄድኩ። ነገ እሱ በሠራው ላይ ተቀምጬ እሄዳለሁ።

ሙክቱ ደጅ ታስሯል። አላሳርደውም።

ደብተሬ፣ ገጽሽ አለቀ። ከእኔ በኋላ በእጁ የምትገቢለት ሰው ይህን ያንብብ፦ ማንም ሁን፣ ስዕሉን አይተህ ስትጨርስ አንዴ ቁምልኝ። በዓለም ስሙ ፈንታሁን ይባል ነበር፤ እግዚአብሔር ፊት ግን በክርስትና ስሙ ነው የሚጠራ። ወልደ ገብርኤል ነው። አንዴ ብቻ፣ ጌታ ሆይ የወልደ ገብርኤልን ነፍስ አሳርፍ በልልኝ። እኔ ስጠራው ድምፄ ይቆረጥብኛል።