የጉናጋዶው ሣጥን አልከፈት አለ

እሌኒዬ፣

እዚህ ሶማሌ ክልል፣ ጉናጋዶ፣ በንዴት ልፈነዳ ነው! ረቢዓ የምትባል እናት ፍየሎቿ አምና በድርቁ አለቁባት። ለሌላ መግዣ እንዲሆናት የሴቶቹ የቁጠባ ማኅበር ሊያበድራት ዛሬ ተሰበሰብን። ለካ የገንዘብ ሣጥኑ ያለ ሦስቱ ቁልፎች አይከፈትም፤ አንዷ ቁልፍ ያዥ ደግሞ ግመሎቿን ይዛ ግጦሽ ፍለጋ ሄዳለች። ስልኳም አይሠራም።

«ስበሩት!» ብዬ ጮህኩ።

«የሁላችንም ነው፤ አይሰበርም» አለች ራሷ ረቢዓ።

የሰፈራችን ዕቁብ ቢሆን ዳኛውን ከአልጋው ጎትተን እናመጣው ነበር! እኔ ስነጫነጭ ሴቶቹ ትተውን ሄዱ። ይብስ ስበግን፣ ከየቤታቸው የሚታለቡ ፍየሎች እየጎተቱ ተመለሱ።

«ቁልፉ እስኪመጣ ልጆችሽ ወተት ይጠጡ» አሏት።

ረቢዓ እዚያው አለበችና የመጀመሪያውን ኩባያ ለእኔ ዘረጋችልኝ፤ «ስትጮሂ ጉሮሮሽ ደርቋል።»

ጠጣሁት። ንዴቴ ግን ገና አልበረደም!

ፖስትካርዱ ሞላ፤ ጋሽ ጫኔን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ።

ፅዮን